የበሩ ስልክ «ማነህ?» ሲባል

የካርድ ክፍሉ ስልክ ገባ። ላብራቶሪው ገባ። ፋርማሲው፣ ራጅ ክፍሉ፣ ተረኛ ክፍሉ ተራ በተራ ሰርቨሩ ላይ ተመዘገቡ። ከ26ቱ ስልኮች አልገባ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ የበሩ።

ክሊኒኩ ሰንጋ ተራ ነው፣ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር 10 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ባለ 5 ፎቅ ነው። የተሰጠኝ ሥራ አሮጌውን ማዞሪያ ነቅሎ በኔትወርክ ገመድ የሚሠሩ ስልኮች መትከል ነበር። ገመድ መዘርጋቱና ስዊች መስቀሉ በ4 ቀን አለቀ፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ያስቀመጠኝ ያ አንድ ስልክ ነው። ሌላ ቴክኒሺያን እንደኔ ሁለት ቀን እንዳይቀመጥ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አሮጌውን ማዞሪያ የተከሉት ሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሽቦውን እንዲያሳዩኝ ብደውልላቸው በማግስቱ ጠዋት መጡ። ምድር ቤት ያለውን ሳጥን ሲከፍቱት፣ በእያንዳንዱ ጥንድ ሽቦ ላይ የቁስል ፕላስተር ተጠምጥሞ በእጅ ተጽፎበታል፦ «ካርድ»፣ «ዶክተር 2»፣ «መርፌ ክፍል»፣ «በር»። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን አንዱን እንኳ ስህተት አላገኘሁበትም።

«ጋሼ፣ በዚህኛው ላይ የደወለው ስልክ የየትኛው ክፍል እንደሆነ በምን ነበር የሚታወቀው?» አልኳቸው።

«በሽቦው ነዋ! ይሄ ሽቦ የሚሄደው በር ድረስ ነው። በዚህ የመጣ ድምፅ የበር ነው። ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

እውነታቸውን ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር የሚደርሰው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር በ1894 እ.ኤ.አ. ሥራው ሲጀመር ጀምሮ፣ የስልክ ማንነት ማለት ሽቦው ነበር። ስልኩን ነቅለህ ሌላ ብትተክልበት ማዞሪያው ግድ የለውም፤ ሽቦው የበር ከሆነ ተናጋሪው በር ነው። የኢንተርኔት ስልክ ይህን ምስክር አጥቷል። የበሩን ስልክ ነቅዬ 4ኛ ፎቅ ብሰካው፣ ወይም ቤቴ ወስጄ በኢንተርኔት ባገናኘው፣ ያው የበሩ ስልክ ነው። በዚያው መንገድ ደግሞ በር ያልሆነ ሰው «በር ነኝ» ሊል ይችላል። ሽቦው የማይመሰክር ከሆነ መሣሪያው ራሱ ማንነቱን ማስረዳት አለበት። የመሣሪያ ማንነት ማረጋገጫ የምንለው ይኼው ነው።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅበት ልናገር። ከ4 ዓመት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ መስመር 201 የሚባል ስልክ ነበር። ፓስወርዱም 201። ለጊዜው ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት፤ ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ረሳሁት። ሰርቨሩ ከውጭ እንዲገኝ 5060 የሚባለው ፖርት፣ የስልክ ጥሪ የሚገባበት የኔትወርክ መግቢያ፣ ለኢንተርኔት ክፍት ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ስንገባ 201 ቅዳሜና እሑድን ስሙን እንኳ ወደማናውቀው አገር ሲደውል አድሯል፤ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ። ይህ በዓለም ላይ የታወቀ ሌብነት ነው። ሌቦቹ ለደቂቃ ብዙ የሚያስከፍሉ ቁጥሮችን ይይዛሉ፣ በሰው ሰርቨር ወደዚያ ይደውላሉ፣ ከሒሳቡ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ፈልገው የሚያገኙንም በሰው እጅ አይደለም። ቀንና ሌሊት ኢንተርኔቱን የሚያስስ ፕሮግራም አላቸው፤ 100፣ 101፣ 102 እያለ ይሞክራል። የመጣው ሂሳብ የመሥሪያ ቤቱን የወር ኪራይ የሚያህል ነበር። ያንን ፓስወርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሒሳብ ሹሟ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ የነበረው ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ክሊኒኩ ላይ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ወሰንኩ፦ የውስጥ መስመር ቁጥርና የመሣሪያ ስም አንድ አይሆኑም። 114 የበሩ ቁጥር ነው፤ በየፎቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ማንም ያየዋል። ስልኩ ሰርቨሩ ፊት ሲቀርብ የሚሰጠው የማረጋገጫ ስም ግን ሌላ ነው፣ ምስጢሩም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ነው። ሁለት ስልክ አንድ ምስጢር አይጋራም። አንዱ ቢሰረቅ የዚያን ምስጢር ብቻ ሰርዤ ሌሎቹን 25 ሳልነካ ማደር አለብኝ።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሰርቨሩ አስቴሪስክ ነው፤ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም። ስልኮቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሲፕ ይባላል፤ ዛሬም የምንሠራበት ደንብ በ2002 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 3261 ተብሎ የወጣው ነው። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ «ልመዝገብ» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ 401 ብሎ ይመልሳል፤ «አልተፈቀደልህም» ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው 401 ግን ስህተት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። በውስጡ ኖንስ የሚባል፣ ለዚያ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ የቁጥርና የፊደል ድርድር አለ። ሰርቨሩ «ምስጢርህን ንገረኝ» አይልም። «ይህን የሰጠሁህን ቃል ከምስጢርህ ጋር ፈጭተህ ዱቄቱን አምጣ» ነው የሚለው። ስልኩ ስሙን፣ ሪልም የሚባለውን የሰርቨሩን ግዛት ስምና ምስጢሩን በሁለት ነጥብ አያይዞ ይፈጫል፤ ያንን ከኖንሱና ከጥያቄው ጋር እንደገና ይፈጫል፤ ይልካል። ሰርቨሩም በበኩሉ ያንኑ ይፈጫል። ሁለቱ ዱቄት አንድ ከሆነ 200 ይላል፤ ገብቷል። ምስጢሩ ራሱ በገመዱ ላይ አንድ ጊዜም አላለፈም። በመንገድ ላይ ያደመጠ ሰው የሚያገኘው ዱቄት ነው፤ ጤፉን ከዱቄት መልሶ የሚለቅም የለም። ነገ ያንኑ ዱቄት ይዞ ቢመጣ ደግሞ የነገው ኖንስ ሌላ ነው። ይህን የተማርኩ ሰሞን እንዴት እንደወደድኩት! አሁንም እወደዋለሁ።

አንድ ድካም ግን አለበት፣ መደበቅ የለብኝም። ወፍጮው ኤምዲ5 የሚባለው የድሮው ነው። ንግግሩን የቀዳ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ምስጢር እየገመተ፣ እየፈጨ፣ ከቀዳው ዱቄት ጋር ሊያስተያይ ይችላል። 4 ቁጥር ያለው ምስጢር በዚህ መንገድ ወዲያው ይገኛል፤ 24 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት አይገኝም። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 8760 የተሻለ ወፍጮ ለሲፕ ተፈቅዷል፤ እኔ የያዝኳቸው ስልኮች ግን ኤምዲ5ን ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ ርዝመት ላይ አልደራደርም።

25ቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስማቸውንና ምስጢራቸውን ከሰርቨሩ ፋይል ራሳቸው አነበቡ። የበሩ ስልክ ዝናብና አቧራ የሚችል ሌላ ስሪት ስለሆነ በእጄ መሙላት ነበረብኝ። ጥበቃው አባባ ወንበራቸውን ለቀውልኝ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጃንጥላቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሞላሁ፣ ላክሁ። 401። ስልኩ መለሰ። እንደገና 401።

«ልጄ፣ እምቢ አለሽ?» አሉ አባባ።

«ትንሽ ይታገሡኝ አባባ።»

ሰርቨሩ የውሸት ስም ለሚሞክር ሌባ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ፍንጭ አይሰጥም። ስሙም ቢሳሳት፣ ምስጢሩም ቢሳሳት መልሱ ያው 401 ነው። ጥሩ ጠባይ ነው፤ ግን በር ላይ ለተቀመጠች ቴክኒሺያን ምንም አይነግራትም። እውነቱ ያለው ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ሎግ ውስጥ ነው። ሎጉ «የሚዛመድ ኤንድፖይንት አልተገኘም» ካለ ችግሩ ስሙ ነው (ኤንድፖይንት ሰርቨሩ ውስጥ ስልኩ የተጻፈበት መዝገብ ነው)፤ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ካለ ስሙ ታውቋል፣ ምስጢሩ ነው ያልገጠመው። እነዚህን ሁለት መስመሮች የሚለይ ሰው ግማሽ ቀን ይተርፈዋል።

የኔ የመጀመሪያውን ይል ነበር። ስልኩ ላይ ሁለት የስም ሳጥን አለ። በአንዱ ስሪት «ዩዘር ኔም» እና «ሬጂስተር ኔም» ይባላሉ፣ በሌላው «ሲፕ ዩዘር አይዲ» እና «ኦተንቲኬት አይዲ»። የመጀመሪያው የመስመሩ ቁጥር ነው፤ ሰርቨሩ በሱ ነው ኤንድፖይንቱን የሚፈልገው። ሁለተኛው ለማረጋገጫ የሚቀርበው ስም ነው። ብዙ ሰው በሁለቱም ላይ አንድ ነገር ስለሚጽፍ ልዩነቱን ሳያውቀው ይኖራል። እኔ ለይቼ ነበር፤ ግን ገልብጬ። አስተካከልኩት። ሎጉ ተለወጠ፦ አሁን «ማረጋገጥ አልተቻለም» ይላል። አንድ እርምጃ ነው፤ ግን ስልኩ አሁንም አልገባም።

ምስጢሩን 3 ጊዜ እንደገና ጻፍኩ። ከፊትና ከኋላ የተደበቀ ባዶ ቦታ ካለ ብዬ ፈተሽኩ። ስልኩን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሼ ከዜሮ ጀመርኩ። ባቡሩ በሜክሲኮ በኩል ሲመላለስ ይሰማኛል፣ ፀሐዩ ጃንጥላውን አልፎ መጣ። በማግስቱ ከሰዓት በፊት መገመቱን ትቼ መቁጠር ጀመርኩ። በገመዱ ላይ ያለፈውን ንግግር ቀዳሁ፤ ኖንሱን አወጣሁ፤ ስሙን፣ ሪልሙን፣ ምስጢሩን አያይዤ በላፕቶፔ ፈጨሁ። የወጣው ዱቄት ስልኩ ከላከው ጋር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ሆነ። ስልኩ ልክ ነው! ሁለት ቀን የተጠረጠረው ስልክ እውነቱን ሲናገር ነበር። የማያውቀው ሰርቨሩ ነው።

ሰርቨሩን የበሩን ምስጢር አሳየኝ አልኩት። 24 መሆን የነበረበት 9 ሆኖ ወጣ።

የ25ቱን ምስጢር ያወጣሁት በፊደልና በቁጥር ብቻ ነበር። የበሩን ግን ለብቻው፣ ምልክት ጭምር እንዲገባበት ብዬ ነው ያወጣሁት፤ የበለጠ ጠንካራ ይሆናል ብዬ። 10ኛዋ ምልክት የፈረንጆቹ ድርብ ሰረዝ ነበረች፤ ከላይ ነጥብ፣ ከታች ጭረት። በአስቴሪስክ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ውስጥ ይህች ምልክት «ከዚህ በኋላ ያለው ማስታወሻ ነው፣ አታንብበው» ማለት ናት። ሰርቨሩ እንደታዘዘው 9 ፊደል አንብቦ ቆመ። በእኛ አጻጻፍ ድርብ ሰረዝ «አላለቀም፣ ቀጥል» የምትል ምልክት ናት፤ እዚያ ግን «በቃ» ትላለች። ከፊቷ ወደ ኋላ የተጋደመ ጭረት ቢጨመርላት እንደ ማንኛውም ፊደል ትነበባለች። እኔ ግን ምልክቶቹን ሁሉ አስወጥቼ በፊደልና በቁጥር ብቻ አዲስ 24 አወጣሁ። ጥንካሬው ከርዝመቱ ይመጣል፤ ምልክቱ ከሚያመጣው ጥቅም የሚያመጣው ጣጣ ይበልጣል።

ኮንፊጉን እንዲያነብ አዘዝኩት። 401፣ ከዚያ 200። የበሩ ስልክ ገባ። አባባን «ገባልን!» ስላቸው ተነሥተው «እሰይ፣ እሰይ» አሉ፤ ሲስተር ከካርድ ክፍል ወጥታ ምን ተፈጠረ አለች።

ስልኩ ገባ ማለት ግን አለቀ ማለት አልነበረም። 25ቱ ምስጢራቸውን ያነበቡት ከፋይል ነው ብያለሁ። የፋይሉ ስም የስልኩ ማክ አድራሻ፣ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ነው፤ ማክ አድራሻው ደግሞ ስልኩ ሆድ ላይ ተለጥፏል። ታካሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ገልብጦ ቢያነብና ያንን ፋይል ከሰርቨሩ ቢጠይቅ፣ ያ ሁሉ የረዘመ ምስጢር በግልጽ ጽሑፍ እጁ ይገባል። ፋይሉን ለማደል ብዙ ቦታ የሚሠራበት ቲኤፍቲፒ ደግሞ ከነጭራሹ «ማነህ?» ብሎ የመጠየቅ አቅም የለውም። ዋናውን በር ቆልፎ መስኮቱን መክፈት ነው። ስለዚህ ስልኮቹ ካነበቡ በኋላ የፋይሉን አገልግሎት ዘጋሁት፤ አዲስ ስልክ ሲመጣ ብቻ ለዚያች ሰዓት እከፍተዋለሁ። ስልኮቹን ለእንግዳ ከተከፈተው ዋይፋይ ለይቼ በራሳቸው ቪላን፣ በተለየ የኔትወርክ ክፍል፣ አስቀመጥኳቸው። የእያንዳንዱን ስልክ የአስተዳዳሪ ፓስወርድም ከፋብሪካው «አድሚን» ለወጥኩ። ሰርቨሩም ከሕንፃው ውጭ ከሚመጣ አድራሻ ምዝገባ አይቀበልም። ዶክተር ከቤታቸው መደወል ከፈለጉ በቪፒኤን፣ በተመሰጠረ የግል መንገድ፣ ይገባሉ።

በዚህ ላይ በበሩ ስም በአንድ ጊዜ እንዲመዘገብ የተፈቀደው አንድ ስልክ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ስልኩ በሌላ ፖርት ተመልሶ ይመጣና፣ ሰርቨሩ «ቦታው ተይዟል» ብሎ በራሱ አሮጌ ምዝገባ ሊከለክለው ይችላል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይውጣ የሚለውን ትእዛዝ ማብራት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ መብራት የማይጠፋበትን ሰሞን እያሰቡ ስልክ አይተከልም።

መብራት ካነሳሁ ሰዓቱንም ላንሳው። ንግግሩ ራሱ እንዳይደመጥ ድምፁን በኤስአርቲፒ፣ ስልኩና ሰርቨሩ የሚለዋወጡትን መልእክት ደግሞ በቲኤልኤስ መሰጠርኩ፤ የታካሚ ውጤት የሚነገርበት መስመር ነውና። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩም በተራው ለስልኩ ሰርተፊኬቱን አሳይቶ ማንነቱን ያስረዳል። ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 26ቱም ስልኮች አልገባም አሉ። ጨለማ ውስጥ ሰዓታቸውን ረስተው፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይዘው ነበር የነቁት፤ ለእነሱ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም። ሰዓት የሚጠይቁት ከኢንተርኔት ነበር፤ ራውተሩ ደግሞ ባትሪ ላይ ስላልነበረ ዘግይቶ ነው የተነሳው። አሁን ሰዓት የሚሰጣቸው እዚያው ያለው ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ራውተሩም አንድ ዩፒኤስ ላይ ናቸው።

ጋሼ ሥራው ሲያልቅ ለማየት መጡ። የሽቦውን ሳጥን ከፍተው ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ አዩና «እነዚህንስ?» አሉ። አላነሳኋቸውም። በእሳቸው እጅ «በር» የተባለውን ብቻ ፈቅደውልኝ ቆርጬ ከአዲሱ ስልክ ጀርባ፣ የማክ አድራሻው ተለጥፎ ከነበረበት ቦታ ላይ ለጠፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ሎጉን ሳገላብጥ የበሩን ጥሪ አየሁ። ሎጉ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፦ 20፡47። 3 ሰዓት ሲጨመር የኛው 23፡47 ይሆናል፤ በአባባ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ47። 114 ተረኛ ክፍል ደውሏል። እዚህም 401 ተብሏል፣ ስልኩ መልሷል፣ ሰርቨሩ ተቀብሏል፤ ሦስቱም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ። በማግስቱ አባባን ጠየቅኳቸው። ምጥ የያዛት እናት በላዳ መጥታ ነበር፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው እንዲወርዱ ነው የደወልኩት አሉኝ። ጥሪው 11 ሰከንድ ነው የቆየው።